የአንጎል ኤምአርአይ ሪፖርት በግልጽ ሳይናገር ሲቀር

በአዲስ አበባ ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባለው አካባቢ ከሚገኙ የምርመራ ማዕከላት በአንዱ የአንጎል ኤምአርአይ (በማግኔት ኃይል የሚነሳ ምስል) የተነሳ ሰው፣ ያዘዘለትን ሐኪም ከማግኘቱ በፊት በእንግሊዝኛ የተጻፈው ሪፖርት እጁ ይገባል። ሳይከፍት ይቆያል ብሎ መጠበቅ ስለማይቻል አነባበቡን ማወቁ ይሻላል።

በቅድሚያ በመጨረሻ አካባቢ «ኢምፕረሽን» በሚለው ርእስ ሥር ያለውን ያንብቡ፤ ከእርሱ በላይ ያለው ረጅም ዝርዝር ጤናማውን ክፍል ጭምር የሚመዘግብ ሲሆን የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ድምዳሜ የሚገኘው ግን እዚህ ነው። «ክሊኒካል ኮሪሌሽን» የሚል ምክር ካለበት፣ ምስሉ ብቻውን ስለማይበቃ ከሕመሙ ምልክትና ከአካል ምርመራው ጋር ይገናዘብ ማለት ነው። ምስሉን ያነበበው ሐኪም ታካሚውን አብዛኛውን ጊዜ አላየውም፤ በማዘዣው ላይ ያገኘውም «ራስ ምታት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ሊሆን ይችላል።

አንድ ዓይነት ምስል በተለያየ ሰው ላይ የተለያየ ትርጉም አለው። በአንጎል ነጭ አካል ላይ የሚታዩ ትናንሽ ነጥቦች ለብዙ ዓመታት ደም ግፊት ባለባቸው አረጋዊ ላይ ከሆኑ በአብዛኛው የጥቃቅን ደም ሥሮች ጉዳት ሲሆኑ፣ ማይግሬን ባለባቸው ሰዎችም ላይ ይታያሉ፤ የአንድ ዓይኗ እይታ በቅርቡ በደበዘዘባት ወጣት ላይ ሲገኙ ግን መልቲፕል ስክለሮሲስ (የሰውነት መከላከያ የነርቮችን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ) መታሰብ አለበት። ጠርዙ እንደ ቀለበት የሚደምቅ እብጠት ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ በአንጎል ውስጥ የፈጠረው እብጠት፣ የአሳማ ኮሶ ትል እጭ፣ መግል የቋጠረ ቁስል፣ ዕጢ፣ ወይም ኤችአይቪ ባለበት ሰው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ያመጣው ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የኤችአይቪ ውጤትን ወይም ያለፈ የነቀርሳ ሕክምናን መደበቅ ሐኪሙን በጨለማ ማስኬድ ነው፤ አስታማሚ ፊት መናገር ከከበደዎ ለብቻ ለመነጋገር መጠየቅ ይችላሉ።

ስለዚህ ምልክቱ መቼና በየትኛው ጎን እንደጀመረ፣ የሚጥል በሽታ፣ ስኳርና ግፊት መኖራቸውን፣ የሚወስዷቸውንም መድኃኒቶች በአንድ ወረቀት ጽፈው ይሂዱ። ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሪፈር ቢባሉም ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውን፣ የቀድሞ ምስል ካለም እርሱን ይውሰዱ፤ በጊዜ ብዛት ያልተለወጠ ነገር ከአዲስ ነገር ያነሰ የሚያሳስብ ነውና። ምስሉ በንጥረ ቀለም መርፌ (ምስሉን በሚያደምቀው ኮንትራስት) መነሳቱንና የመሣሪያው የማግኔት ኃይል ስንት ቴስላ እንደሆነ ይጠይቁ። በ0.3 ቴስላ ያልጠራ ጥቃቅን ነገር በ1.5 ቴስላ ሊለይ ይችላል፤ መርፌው ከታዘዘ ደግሞ የኩላሊት ችግር ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ።

«ከወራት በኋላ ይደገም» ከተባሉ ምን ለውጥ እንደሚጠበቅ ያስረዱዎት፤ ድጋሚውም ቢቻል በዚያው መሣሪያ ይሁን። ነገር ግን ድንገተኛ የአካል መዛል፣ የንግግር መተሳሰር፣ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ፣ ወይም ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።