«ጌት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ እንዴት መረዳትና መጠቀም ይቻላል

«ጌት» ማለት «ማግኘት» ነው ተብሎ ትምህርት ቤት ያልተማረ ሰው ጥቂት ነው። ትርጉሙ ስህተት የለበትም። ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲያወሩ ጆሮ ሰጥታችሁ ብትሰሙ፣ «ጌት» ከሚሉባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ከማግኘት ጋር አይገናኙም። «ጌት ዘ ዶር» የተባለ ሰው በር ፈልጎ እንዲያገኝ አልታዘዘም። በሩ ተንኳኩቷል፣ ሂድና ክፈት ነው የተባለው። «ጌት ዘ ፎን» ከተባለም ስልኩን አንሳ ነው። «ኢትስ ጌቲንግ ሌት» ሲባል ደግሞ ማንም ምንም አላገኘም፤ እየመሸ ነው።

መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ ትርጉሞቹን አንድ በአንድ ለመሸምደድ ከተነሳችሁ ቶሎ ትሰለቻላችሁ። እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። «ጌት» ላይ አታፍጡ፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣውን ቃል እዩ። ስም ነው? ቅጽል ነው? ሌላ ግስ ነው? ቦታ ነው? ትርጉሙን የሚወስነው እሱ ነው። በዚያ ላይ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በእጃችን ያለ መሣሪያ አለን፦ «እየ»፣ «ተ» እና «አስ»። እንግሊዝኛ በ«ጌት» የሚሠራውን ብዙ ሥራ አማርኛ በእነዚህ ትንንሽ ቅጥያዎች ነው የሚጨርሰው።

ደረጃ 1፦ መልኮቹን ለዩ

ለአሁን ጊዜ «ጌት»፣ ለእሱና ለእሷ «ጌትስ»፣ በሂደት ላይ ላለ ነገር «ጌቲንግ»፣ ላለፈ «ጋት»። ሦስተኛው የግሱ መልክ (ከ«ሃቭ» ጋር የሚሄደው፣ «ፓስት ፓርቲሲፕል» የሚባለው) ላይ እንግሊዝና አሜሪካ ይለያያሉ። እንግሊዞቹ እዚያም «ጋት» ብለው ያልፋሉ፤ አሜሪካኖቹ አብዛኛውን ጊዜ «ጋተን» ይላሉ። «ጋተን» የአሜሪካኖች ፈጠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በእርግጥ ግን የድሮ የእንግሊዝ አነጋገር ነው። ከሰፋሪዎች ጋር ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ሲቀር፣ አገሩ ላይ እየተተወ ሄደ። የሚገርመው፣ «ፎርጌት» የሚለው ዘመዱ ላይ እንግሊዞችም እስከ ዛሬ «ፎርጋተን» ነው የሚሉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙ። «አይቭ ጋት ኤ ካር» ማለት «መኪና አለኝ» ነው፤ ያለፈ ጊዜ መስሎ አያታልላችሁ። «አይቭ ጋት ቱ ጎ» ደግሞ «መሄድ አለብኝ» ነው። «አለኝ» እና «አለብኝ» ልትሏቸው ትችላላችሁ። በአማርኛም ሁለቱ የሚለያዩት በአንዲት «ብ» ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ቀጥሎ ስም ከመጣ

ይሄ የምናውቀው «ማግኘት» የሚኖርበት ሰፈር ነው። «አይ ጋት ኤ ጆብ»፣ ሥራ አገኘሁ። «አይ ጋት ኤ ሌተር»፣ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከዚያ ግን ይሰፋል። «ዌር ዲድ ዩ ጌት ዞዝ ሹዝ» ያለችህ ሴት ጫማውን ከየት ገዛኸው እያለችህ ነው። «ጌት ሚ ሰም ዋተር» ውሃ አምጣልኝ ነው። ካፌ ገብታችሁ ማዘዝ ከፈለጋችሁ አሜሪካኖች «ካን አይ ጌት ኤ ኮፊ» ይላሉ፤ በቃ፣ ቡና እዘዙ። ምግብ ቤት ሂሳብ ሲመጣ ደግሞ «አይል ጌት ዚስ» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። «እኔ ልክፈል» ማለት ነው። ሂሳብ ላይ መጓተት ለለመደ ሰው የመጀመሪያዋ የምትሸመደድ ዓረፍተ ነገር ይህች መሆን አለባት።

በሽታ ሲሆን አቅጣጫው ይገለበጣል። በአማርኛ ጉንፋን ነው ሰውን የሚይዘው። በእንግሊዝኛ ሰውየው ነው ጉንፋኑን የሚወስደው፦ «አይ ጋት ዘ ፍሉ»።

አንድ ወጥመድ አለ። «አስተማሪ ሆንኩ» ለማለት «አይ ጋት ኤ ቲቸር» ካላችሁ ሰሚው አስተማሪ ቀጠርክ ብሎ ይረዳል። ሙያ ላይ «መሆን» የሚባለው በ«ቢካም» ነው፦ «አይ ቢኬም ኤ ቲቸር»። «ጌት» ሲከተለው ስም ከሆነ «መሆን» አይሆንም።

ደረጃ 3፦ ቀጥሎ ቅጽል ከመጣ

«መሆን» የሚሆነው እዚህ ነው፤ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መዞር። ነገር ግን «ሆነ» እያላችሁ አትተርጉሙት። አማርኛ ለአብዛኞቹ ራሱን የቻለ ግስ አለው። «ጌት ታየርድ» ደከመ፣ «ጌት ሀንግሪ» ራበ፣ «ጌት አንግሪ» ተናደደ፣ «ጌት ኮልድ» ቀዘቀዘ፣ «ጌት ኦልድ» አረጀ፣ «ጌት ቤተር» ተሻለ፣ «ጌት ሬዲ» ተዘጋጀ። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ የተለየ ግስ ከመፈለግ ይልቅ «ጌት»ን ከቅጽሉ ፊት አቁሞ ይገላገላል።

አሁን «እየ» ትምጣ። «እየጨለመ ነው» ለማለት «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ»። «እናቴ እያረጀች ነው»፣ «ማይ ማዘር ኢዝ ጌቲንግ ኦልድ»። «ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው»፣ «ዘ ቲ ኢዝ ጌቲንግ ኮልድ»። በአማርኛ «እየ» የምትሉበት ቦታ ላይ የለውጥ ስሜት ካለ፣ «ጌቲንግ» ሲቀድም ነው ወሬው የሚያምረው።

«አይ አም ታየርድ» እና «አይ ጋት ታየርድ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው «ደክሞኛል» ነው፤ አሁን ያለሁበት ሁኔታ። ሁለተኛው ድካሙ የጀመረበትን ጊዜ ይናገራል፤ «ሄጄ ሄጄ ደከመኝና ተቀመጥኩ» እንደሚባለው። ሁለቱን ደርቦ «አይ አም ጌት ታየርድ» ማለት ግን በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ወይ «አም» ወይ «ጌት»፤ አብረው የሚሄዱት «አም ጌቲንግ» ሲሆን ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ የተደረገበት ሰው፣ «ተ»

«ተቀጠረ»፣ «ተባረረ»፣ «ተከፈለው»፣ «ተመረጠ»። በእነዚህ ሁሉ ሰውየው አድራጊ አይደለም፤ ተደርጎበታል ወይም ተደርጎለታል። በወሬ እንግሊዝኛ እዚህ ላይ «ጌት» ይገባል፦ «ሂ ጋት ሃየርድ»፣ «ሂ ጋት ፋየርድ»፣ «ሂ ጋት ፔይድ»። በ«ዋዝ» ቢባሉም ስህተት አይደለም። «ጋት» ሲሆን ግን ነገሩ ድንገት የደረሰበት ይመስላል፤ ቅርብና ሕያው ያደርገዋል።

ጋብቻ ላይ ተጠንቀቁ። በአማርኛ «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል እንግሊዝኛውንም «ጋት ሜሪድ ዊዝ» እንለዋለን። ትክክሉ «ጋት ሜሪድ ቱ» ነው። «ጌት ሎስት» ደግሞ መንገድ ጠፋበት ማለት ነው፣ በትእዛዝ ሲሆን ግን ስድብ ነው። እንደኛው «ጥፋ ከዚህ!»

ደረጃ 5፦ ሌላ ሰው የሠራው፣ «አስ»

ከሁሉም ደረጃ ጊዜ ወስዳችሁ መለማመድ ያለባችሁ ይሄንን ነው፤ ምክንያቱም የእኛ ሰው እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ነው።

«መኪናዬን አስጠገንኩ» በሉ። አማርኛ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ሰው አስገብቷል፤ አንዱ ያሠራ፣ ሌላው የሠራ። በእንግሊዝኛ ግን «አይ ፊክስድ ማይ ካር» ካላችሁ ሰሚው መካኒኩ እናንተ ናችሁ ብሎ ነው የሚያስበው። የሚፈለገው «አይ ጋት ማይ ካር ፊክስድ» ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ «ጋት»፣ ከዚያ ዕቃው፣ ከዚያ ግሱ በሦስተኛ መልኩ። ዕቃው መሐል ይገባል። «አይ ጋት ፊክስድ ማይ ካር» አይባልም። ግሱንም «ፊክስ» ብላችሁ እንዳትተዉት።

ፓስፖርቴን አሳደስኩ፦ «አይ ጋት ማይ ፓስፖርት ሪኒውድ»። ሰነዱን አስተረጎምኩ፦ «አይ ጋት ዘ ዶክዩመንት ትራንስሌትድ»። ፀጉሬን ተቆረጥኩ፦ «አይ ጋት ማይ ሄር ከት»። የመጨረሻዋ በአማርኛ «ተ» ናት፣ በእንግሊዝኛ ግን ከ«አስ»ዎቹ ጋር ነው የምትሰለፈው።

ዕቃ ሳይሆን ሰው ሲሆን «ቱ» ይጨመራል። «አይ ጋት ሂም ቱ ካም» ማለት እንዲመጣ አደረግሁት፣ ለምኜም ይሁን አግባብቼ። «አይ ሜድ ሂም ካም» ካላችሁ ግን አስገድዳችሁታል፤ እዚያ «ቱ» የለም። ልዩነቱ ትንሽ ትመስላለች። ግን ጎረቤታችሁን በፍቅር ያመጣችሁትን በጉልበት ያመጣችሁት ልታስመስሉት ትችላላችሁ።

ደረጃ 6፦ ቀጥሎ ቦታ ከመጣ

«መድረስ» ነው። «አይ ጋት ቱ ዘ ኤርፖርት አት ናይን»። «ቤት»፣ «እዚህ» እና «እዚያ» ላይ ግን «ቱ» ይወድቃል፦ «ጌት ሆም»፣ «ጌት ሂር»፣ «ጌት ዜር»። «ጌት ቱ ሆም» የሚል ካለ ወዲያው አርሙት። ከ«ቱ» ቀጥሎ ግስ ከመጣ ሌላ ነገር ነው፤ «አይ ጋት ቱ ሚት ሂም» ማለት እሱን የማግኘት ዕድል ገጠመኝ ነው።

ደረጃ 7፦ ትንንሾቹን ቃላት በጥንድ ያዙ

«አፕ»፣ «ኦቨር»፣ «ባይ» የመሳሰሉት ሲለጠፉበት ትርጉሙን መገመት ይከብዳል። እነዚህን ያለ ምንም ምሥጢር መያዝ ነው ያለው። ሁሉንም አይደለም፤ ከእነዚህ ጀምሩ።

አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን ላይ «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ»፤ መኪናና ላዳ ታክሲ ላይ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት»። ቆማችሁ የምትራመዱበት ከሆነ «ኦን»፣ ጎንበስ ብላችሁ የምትገቡበት ከሆነ «ኢን» ብላችሁ አስታውሱት። አውቶቡስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ለማለት «አይም ጌቲንግ ኦፍ ሂር» ነው።

«ጌት አሎንግ» ከሰው ጋር መስማማት ነው። «ጌት ኦቨር» ሐዘኑ ወይም ቁጭቱ ሲወጣለት። «ጌት ሪድ ኦፍ» ማስወገድ። «ጌት አዌይ ዊዝ» አጥፍቶ ሳይቀጡት ማምለጥ። «ኑሮ እንዴት ነው?» ተብላችሁ «እንደምንም እየገፋን ነው» ለማለት «ጌቲንግ ባይ» ግሩም መልስ ናት። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ» ከተባላችሁ ደግሞ በኋላ እናሳውቃችኋለን ማለት ነው። ተቀጠራችሁ ማለት እንዳይመስላችሁ።

«አይ ጌት ኢት» ወይም «ጋት ኢት» ሲባል «ገባኝ» ነው።

ደረጃ 8፦ ጆሯችሁን አስለምዱ

ጽሑፍ ላይ የሚያውቁትን ቃል ሲነገር የማይሰሙት ብዙዎች ናቸው። አሜሪካኖች በሁለት አናባቢ መሐል የገባችውን «ት» ሲያፈጥኗት የእኛን ያልጠበቀች «ር» ትመስላለች። ስለዚህ «ጌት ኢት» «ጌሪት» ሆኖ ይሰማል፣ «ጌት አፕ» «ጌራፕ»፣ «ጋት ቱ» «ጋራ»። «ጋራ ጎ» ካለ ሰው ጋር ተራራ አትፈልጉ፤ መሄድ አለበት። እናንተም ብትሏት ምላሳችሁ ላይ ያለች ድምፅ ስለሆነች አትከብዳችሁም።

ደረጃ 9፦ የት እንደማይባል እወቁ

«ጌት» የወሬ ቃል ነው። የሥራ ማመልከቻ፣ የትምህርት ጽሑፍ ወይም ለመሥሪያ ቤት የሚገባ ደብዳቤ ስትጽፉ በዛ ካለ ቸልተኛ ያስመስላል። እዚያ «ሪሲቭ»፣ «ኦብቴይን»፣ «ቢካም»፣ «አራይቭ» የሚሉትን አስገቡ። በተቃራኒው ቡና ላይ ተቀምጣችሁ «አይ ኦብቴይንድ ኤ ኮፊ» ካላችሁ ይሳቅባችኋል።

ደረጃ 10፦ ፍቺ ሞክሩ

ይህችን አንብቡ፦ «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ። አይቭ ጋት ቱ ጌት ማይ ፎን ፊክስድ፣ ጌት ሰም ብሬድ፣ ኤንድ ጌት ሆም ቢፎር አይ ጌት ሀንግሪ።» ግሱ ስድስት ጊዜ መጥቷል፣ ስድስቱንም ጊዜ «ማግኘት» አይደለም። እየጨለመ ነው። ስልኬን ማሠራት፣ ዳቦ መግዛት፣ ሳይርበኝም ቤት መድረስ አለብኝ። አሁን የነገ ጉዳዮቻችሁን በአማርኛ ጻፉ። «እየ»፣ «ተ» እና «አስ» ያለባቸውን ግሶች አስምሩባቸውና ወደ እንግሊዝኛ ስትወስዷቸው በየትኛው ደረጃ እንደሚወድቁ ከጎናቸው ቁጥሩን ጻፉ።