የሞተርሆም የኤሌክትሪክ ደረጃ አልንቀሳቀስ ሲል

የሞተርሆማችን (ውስጡ እንደ ቤት የተሠራ መኪና ነው) መውጫ ደረጃ፣ በሩ ሲከፈት በኤሌክትሪክ የሚዘረጋው ሲዘጋ የሚታጠፈው፣ ሥራ ያቆመው እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን አሜሪካ በመጣች ሰሞን ነው። እሷ ጉልበቷን ያማታል። ከመሬት እስከ በሩ ያለው ከፍታ ደግሞ ለደህና ሰውም ያስቸግራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በርጩማ እያስጠጋን፣ ክንዷን ይዘን ስናወጣና ስናወርድ ከረምን። ብልሽቱን ያገኘሁት ብዙ ገንዘብ ካወጣሁ በኋላ ነው። እናንተ እንዳታወጡ ነው ይህን የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ። ይህ ደረጃ ሳይታሰብ ሲታጠፍ ጣት ይቆርጣል። እጃችሁን መካከሉ ከማስገባታችሁ በፊት ፊውዙን ንቀሉ። መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ከሆነ ሥሩ አትግቡ።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን እዩ። በሩ አጠገብ የደረጃው ማብሪያና ማጥፊያ አለ። ብዙ ጊዜ ከጎኑ ባትሪውን የሚያቋርጠው ማጥፊያም ይኖራል፤ ሰው ሲገባ ሲወጣ ሳያውቅ ይነካዋል። ቀጥሎ ባትሪው። ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ ከ12 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ። አንዳንዱ ደረጃ መኪናውን ከሚያስነሳው ባትሪ፣ አንዳንዱ ለመኖሪያው ክፍል መብራትና ዕቃ ከሚያገለግለው ባትሪ ነው የሚሠራው፤ የእናንተው ከየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ። ፊውዙን በዓይን አይታችሁ አትለፉ፣ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለኩት።

ከዚያ ሰው በሩን ይክፈት ይዝጋ፣ እናንተ አዳምጡ። የደረጃው ሞተር እየጮኸ ደረጃው ካልተንቀሳቀሰ፣ ሞተሩን ከደረጃው የምታያይዘው ፒን ወልቃ ወይም ተሰብራ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ሄዶ የሚቆም ከሆነ ጭቃ፣ የተጣመመ ብረት ወይም ደካማ ኤሌክትሪክ ጠርጥሩ። ጭራሽ ዝም ካለ ወደ በሩ ማግኔት እለፉ። በሩ ላይ ማግኔት፣ ፍሬሙ ላይ ደግሞ ትንሽ ስዊች አለ። በሩን ከፍታችሁ ሌላ ማግኔት ስዊቹ ላይ አስጠጉ። ደረጃው ከታጠፈ ጥፋቱ የማግኔቱ ነው፤ ተነስቷል ወይም ርቋል።

እኔን ያደከመኝ የሚቀጥለው ነው። ቴስተሬን ደረጃው ጋ በሚመጣው ገመድ ላይ ሳደርገው 12 ቮልት አለ። «ኤሌክትሪኩማ ደርሷል» ብዬ መቆጣጠሪያ ሳጥኑን ቀየርኩ። አልሠራም። ሞተሩን ቀየርኩ። አሁንም አልሠራም። ከ400 ዶላር በላይ ወጣ፣ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደግሞ አይመለስም።

ጥፋቱ ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት አድርጎ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ ነበር። የደረጃው ፍሬም ከሻሲው (ከመኪናው ዋና የብረት አካል) ጋር የሚታሰርበት ቡሎን ዝጎ ነበር። ቴስተር የሚስበው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ፣ ዝገት መካከል የቀረች ቀጭን መንገድ ትበቃውና 12 ቮልት ያነባል። ሞተሩ ግን ብዙ ይፈልጋል። ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧም ውሃ አለው፣ ባልዲ ግን አይሞላም። ስለዚህ መለካት ያለበት ደረጃው ሊሠራ እየታገለ እያለ ነው። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ደረጃው ፍሬም ላይ ቀለም በሌለበት ብረት አድርጉ። ሰው በሩን ይክፈት። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ችግር አለበት። የኔው 4 ቮልት ነበር። በፖዘቲቭ በኩልም እንደዚሁ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ደረጃው ዋና ገመድ ለኩ፤ የዛገ የፊውዝ ቤት የሚያዘው እዚያ ነው።

ሞተሩ ጭራሽ የማይሞክር ከሆነ ይህ ልኬት ዜሮ ያነብና ያሳስታችኋል። ያኔ 55 ዋት የፊት መብራት አምፖል ውሰዱና በዋናው ገመድና በፍሬሙ መካከል አገናኙት። ደምቆ ከበራ መስመሩ ደህና ነው። ከደበዘዘ ወይም ካልበራ አንድ ቦታ ዝገት አለ። ለኔ ይህ ርካሽ አምፖል ከውድ ቴስተር ይበልጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቡሎኑን ፍቱ፣ ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ መልሳችሁ አጥብቁ፣ ከላይ ግሪስ ቀቡት። እኔ በተጨማሪ ከፍሬሙ እስከ ሻሲው አዲስ ወፍራም ገመድ አስሬያለሁ።

የገመዶቹ ቀለም ግራ ካጋባችሁ፣ በአሜሪካ በብዛት በሚታየው ክዊኪ (Kwikee) በተባለው የደረጃ ዓይነት ላይ ቀዩ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣው ነው። ቢጫው የማብሪያ ማጥፊያው፣ ቡናማው የበሩ፣ ነጩ የመኪናው ቁልፍ ነው። ቁልፉ ሲከፈት እየሠራ ሲዘጋ የማይሠራ ደረጃ ካጋጠማችሁ ከቢጫው ጀምሩ።

ሁሉም ደህና ሆኖ ካልሠራ ብቻ ሞተሩን ፈትኑ። ሁለት ገመድ ያለውን የሞተሩን ሶኬት ንቀሉና፣ በፊውዝ በኩል 12 ቮልት በቀጥታ ስጡት። ገመዶቹን ስታቀያይሩ አቅጣጫውን ይቀይራል። በዚህ ጊዜ የማንም እጅ አጠገቡ አይኑር። ሞተሩ በሁለቱም አቅጣጫ ከሠራ፣ ያኔ መቆጣጠሪያ ሳጥኑን መጠርጠር ይቻላል።

መንገድ ላይ ከሆናችሁና ደረጃው አልታጠፍ ካለ፣ እንደተዘረጋ አትንዱ። ፊውዙን ነቅላችሁ የሞተሩን ፒን አውጡ፣ ደረጃውን በእጅ አጥፉና በጠንካራ ማሰሪያ ከሻሲው ጋር እሰሩት። ፒኗን የምታስቀምጡበትን ቦታ ለአንድ ሌላ ሰውም ንገሩ።