በመገናኛ ደብተር ላይ «ይረብሻል» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ

መምህራን፣ «ልጅዎ ይረብሻል» የሚል ቃል ብቻ የደረሰው ወላጅ ምን ማድረግ እንዳለበት ስለማይገባው ወይ ይገርፋል ወይ ዝም ብሎ ይፈርማል። የተገረፈ ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ደብተሩን ይደብቃል። ይልቅ ያያችሁትን ጻፉ፦ «ዛሬ 4ኛው ክፍለ ጊዜ፣ የቡድን ሥራ ስንጀምር፣ የጓደኛውን እርሳስ ነጥቆ ሰበረ። ይቅርታ ጠይቋል፤ ቦታ ቀይሬለታለሁ። ጠዋት ቁርስ በልቷል? ማታ ስንት ሰዓት ተኛ?»

ጥያቄዎቹን አትተዉ፤ ረሃብና እንቅልፍ ማጣት ብዙ ጊዜ ጥፋት መስለው ይታያሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ በጎ ያደረገውን ጻፉለት፤ አለዚያ ደብተሩ የክስ መዝገብ ይሆንበታል። ወላጅ ማንበብ የማይችል ከሆነ የሚፈርመው ታላቅ ወንድም ወይም እህት ሊሆን ስለሚችል፣ ደውላችሁ ለራሱ ንገሩት።