የፈተና ሰሞን የኮሪያ ድራማ እንዴት እንይ?

ባሕር ዳር ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ቤት ለቤት እየዞርኩ አስጠናለሁ። ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው የማስጠናው። የትኛውም ቤት ብገባ ከደብተሩ ሥር ስልክ አለ፤ ስልኩ ውስጥ ደግሞ የኮሪያ ድራማ። ወላጆች "እባክሽ ይሄን ነገር አስጥያት" ይሉኛል። አላስጥልም። እኔም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ስማር የሚድና የፋይናል ሰሞንን የተወጣሁት በእነዚህ ድራማዎች ነው። ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው ሌላ ነገር ነው፦ የትኛውን ነው የምታዩት? መቼ ነው የምታዩት? ከማን ጋር?

በመጀመሪያ፣ የጨነቃችሁን ነገር ለይታችሁ እወቁት። "ጥናት ሰለቸኝ" ብቻ አይበቃም። ያስጨነቃችሁ ቤተሰብ ነው? የዶርም ልጆች ናቸው? ብር ነው? ወይስ አንዴ ወድቃችሁ እንደ አዲስ መጀመር? ድራማውን በዚህ ምረጡ። በተዋናዩ መልክ ከመረጣችሁ ግን የምታገኙት መልኩን ብቻ ነው።

የቤተሰብ ግፊት ለከበዳችሁ ስካይ ካስል አለ። በፈረንጆቹ 2018 መጨረሻ የጀመረ፣ 20 ክፍል ያለው ድራማ ነው። ሀብታሞች በሚኖሩበት አንድ መንደር ውስጥ እናቶች ልጆቻቸውን ሴኡል ናሽናል ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ለማስገባት የማይሆኑት የለም። የልጁን ጥናት፣ ውጤትና ውሎ የምትመራ ሴት በብዙ ብር ይቀጥራሉ። አንድ የሕግ መምህር የሆነ አባት አለ፤ መንታ ወንዶች ልጆቹን የፒራሚድ ቅርጽ እያሳየ ጫፉ ላይ ካልወጣችሁ ዋጋ የላችሁም ይላቸዋል። እናትየዋ ዝም ብላ ስትታገስ ኖራ በመጨረሻ ያን የታፈነ የጥናት ክፍል የምታፈርስበት ቦታ አለ። እሱን ሳይ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነበር ያጨበጨብኩት። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ የመጀመሪያው ክፍል የሚያልቀው አንዲት እናት ራሷን በማጥፋቷ ነው። ሆድ ለባሰው ሰው የሌሊት ድራማ አይደለም።

ወድቃችሁ እንደገና ለምትሞክሩ ደግሞ ሪፕላይ 1988። ይሄኛውን ሁሉም ሰው ቢያየው ደስ ይለኛል። ሴኡል ውስጥ ሳንግሙን ዶንግ በሚባል ሰፈር አንድ መንገድ ላይ የሚኖሩ አምስት ቤተሰቦች ታሪክ ነው። ወጥ በሳህን እየተላከ ከቤት ቤት ይዞራል፤ እዚህ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ያደገ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ዱክ ሰን የምትባለው ልጅ ከትምህርት ቤቷ 989ኛ ነው የምትወጣው። ከጎረቤት ደግሞ ጁንግ ቦንግ አለ፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናን ዓመት በዓመት እየወደቀ እንደገና የሚቀመጥ ልጅ። ቴምብር ይሰበስባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። እናቱ ትቆጣዋለች፤ ግን ሳህኑ ከገበታው ላይ ቀርቶ አያውቅም። እኛ አገር በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ ስንት ቤት ውስጥ ስንት ጁንግ ቦንግ እንደነበረ አስቡት። ሪሚዲያል የደረሳቸውም፣ ቤት የቀሩትም ይህን ልጅ ቢያዩት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ድራማው አንድም ቦታ ላይ ሰነፍ ብሎ አይሰድበውም።

ለዶርም ሕይወት ሄሎ ማይ ትዌንቲስ ይሻላል። የመጀመሪያው ምዕራፍ 12 ክፍል ብቻ ነው። አምስት ሴት ተማሪዎች አንድ ቤት ይኖራሉ። ኡን ጄ የምትባለው ከገጠር የመጣች ዓይን አፋር ፍሬሽ ናት። አብረዋት የሚኖሩት ሲያስቸግሯት መናገር ያቅታትና ውስጥ ውስጡን ትብሰለሰላለች። ተደራራቢ አልጋ ላይ ከላይ ተኝታ ከታች እስከ ሌሊት በስልክ የሚያወራ ሰው ያለባት ልጅ ወዲያው ይገባታል። እዚያው ቤት ውስጥ ጂን ምዩንግ አለች፤ ሬስቶራንት ትሠራለች፣ ሱቅ ታድራለች፣ ታስጠናለች፣ ከዚያ ክፍል ትገባለች። ወንድሟ ለዓመታት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ተኝቷል። እየሠራችሁ ለምትማሩ ይቺ የእናንተ ናት። የቡድን አሳይመንት ብቻችሁን ሠርታችሁ የሌሎቹን ስም ጽፋችሁ ለምታስረክቡ ደግሞ ቺዝ ኢን ዘ ትራፕን እዩ። ስለዚህ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ያጋጠመው ያውቀዋል።

በብር ምክንያት ነገሩ የተበላሸባችሁ ትዌንቲ ፋይቭ ትዌንቲ ዋንን ሞክሩ። በፈረንጆቹ 1998፣ ኮሪያ በገንዘብ ቀውስ ስትመታ ነው የሚጀምረው። ልጅቷ የሻሞላ ስፖርተኛ ናት፤ በጀት ጠፍቶ የትምህርት ቤቷ ቡድን ይዘጋል። ልጁ ደግሞ የአባቱ ድርጅት ከስሮ ትምህርቱን ያቋርጣል፤ ጋዜጣ ያዞራል። አገር ሲናጋ የተማሪ ሕልም ምን እንደሚሆን እኛ ክልል ያለ ልጅ ከማንም በላይ ያውቃል። መጨረሻው አብዛኛው ሰው እንደሚመኘው አይደለም፤ አውቃችሁ ግቡበት።

ከመጀመራችሁ በፊት የእነሱን ፈተና ትንሽ እወቁት፤ አለበለዚያ ግማሹ ያመልጣችኋል። ሱኑንግ ይባላል። በዓመት አንዴ፣ ኅዳር ገደማ፣ በአንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ይሰጣል። የእንግሊዝኛው የማዳመጥ ፈተና ሰዓት ላይ ተማሪ እንዳይረበሽ አውሮፕላን አይነሣም፣ አያርፍም። የረፈደበትን ልጅ ፖሊስ በሞተር ያደርሰዋል። ሁለተኛ ደረጃቸው ሦስት ዓመት ስለሆነ "የሦስተኛ ዓመት ተማሪ" ሲባል የእኛ 12ኛ ክፍል ነው። የውጤት ደረጃቸው ከ1 እስከ 9 ሲሆን የሚሻለው 1 ነው። አንዲት ተማሪዬ "1 አምጥታ ለምንድነው የምትስቀው?" ብላኝ ነበር። ከፈተና በፊት ተማሪው እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ጣፋጭ ይሰጠዋል፤ ዩኒቨርሲቲው ላይ እንዲጣበቅ። የባሕር ሣር ሾርባ ግን አይበላም፤ ያንሸራትታል ይባላል። ከትምህርት በኋላ የሚሄዱበት የግል ማስጠኛ ደግሞ ሀግዎን ነው። ሴኡል ውስጥ ከማታ 4 ሰዓት በኋላ ማስተማር በሕግ ተከልክሏል። ማታ 4 ሰዓት! ያውም ተከልክሎ ነው። ሀግዎኑን በቅርበት ማየት የፈለገ ክራሽ ኮርስ ኢን ሮማንስን ይይ፤ እናቶች ለልጆቻቸው ወንበር ለመያዝ ሲሰለፉ ታያላችሁ። መሀሉ ላይ የግድያ ታሪክ ገብቶበታል፤ ለእኔ ባይገባበት ይሻል ነበር።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። የአብዛኞቹ ድራማ አንድ ክፍል አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። የሪፕላይ 1988 ክፍሎች ግን ብዙዎቹ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይጠጋሉ፤ 20ውን ስታባዙት ምን እንደሚመጣ ለሒሳብ ተማሪ አልነግርም። ስለዚህ ፋይናል ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ይህን ድራማ አትጀምሩት። የጀመራችሁት ካለ ኮሪያኖቹ እንዳዩት እዩት፤ ቴሌቪዥን ላይ ሲተላለፍ በሳምንት ሁለት ክፍል ብቻ ነበር፣ ዓርብና ቅዳሜ። እኔም ተማሪዎቼን ዓርብ ማታ አንድ፣ ቅዳሜ ማታ አንድ እላቸዋለሁ። ቅዳሜ ቀን ጥናት፣ አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ወጥቶ ነፋስ መቀበል፣ ከዚያ ድራማ። መብራት ከሄደ ደግሞ ሄደ ነው፤ ተኙ።

ማቆም ለማትችሉ አንድ የሚሠራ ዘዴ አለኝ። ክፍሉ ሲያልቅ አታቁሙ። የክፍሉ መጨረሻ የሚሠራው ሆነ ተብሎ እንዳታቆሙ ነው፤ በሩ ይከፈታል፣ ሰውየው ዞር ይላል፣ ሙዚቃው ይገባል፣ ጠቅ! ስለዚህ የሚቀጥለውን ክፍል ክፈቱና ከዐሥር ከዐሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ፣ ነገሩ ሲረጋጋ፣ እዚያው መሀል ላይ ዝጉት። ጉጉቱ ይወጣላችሁና እንቅልፍ ይወስዳችኋል። ይህን የነገርኳቸው ልጆች መጀመሪያ ይስቃሉ፤ በሳምንቱ "ቲቸር፣ ይሠራል እኮ" ይሉኛል። ሌላው፣ የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ ልታወርዱ ትችላላችሁ፤ እያወረዳችሁ ግን አትዩ። አስጀምሩትና ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ብቻችሁን እንዳታዩት ነው። ከተቻለ ከእናት ወይም ከአባት ጋር አንድ ክፍል እዩ። ሁሉንም አላልኩም፣ አንድ ክፍል። ለዚህ ስካይ ካስልን አትምረጡ፤ ወላጅ ሲያየው የተከሰሰ ይመስለውና ይቆጣል፣ ወይም ተነሥቶ ይሄዳል። የሪፕላይ 1988ን የመጀመሪያ ክፍል ምረጡ።

እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። ሽምብጥ የማስጠናት አንዲት ልጅ አለች። ለቤተሰቡ መካከለኛ ልጅ ናት። አንድ ቅዳሜ እናቷ ምስር እየለቀሙ አጠገባችን ተቀመጡ፤ እኔ እየተረጎምኩላቸው አብረን አየን። ዱክ ሰን የልደት ኬክ በስሟ ተቆርሶላት አያውቅም። ልደቷ ከታላቅ እህቷ ልደት ጋር በቀናት ስለሚቀራረብ እዚያው ኬክ ላይ ሻማ ተቀንሶ ይለኮስላታል። እንቁላል ሲጠበስም ለታላቋና ለታናሽ ወንድሟ ነው። የዚያን ዕለት ይመርራትና ታለቅሳለች፤ ለምን ሁልጊዜ እኔ ብላ ትጮሃለች። የልጅቷ እናት ምስሩን ትተው "ውይ! ለይቺኛዋስ አንድ እንቁላል ምን ነበረበት?" አሉ። ማታ የዱክ ሰን አባት ትንሽ ኬክ ገዝቶ መንገድ ላይ ያገኛትና እኔም አባት ስሆን የመጀመሪያዬ ነው፣ ሳላውቅ ነው ብሎ ይቅርታ ይጠይቃታል። ይህን ስተረጉም ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

ተማሪዬ ስክሪኑን እያየች "እማ፣ የአክስቴ ልጅ ጎንደር ሕክምና ገባች የምትይውን ነገር ተይልኝ" አለች።

"እኔ እኮ እንድትበረቺ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ እማ። ግን አላበረታኝም።"

እናትየው ምስራቸውን ቀጠሉ። ትንሽ ቆይተው "እንግዲህ አፌን እይዛለሁ" አሉ። አሁንም አልፎ አልፎ ያመልጣቸዋል፤ ልጅቷ ግን "እማ፣ እንቁላሉ!" ትላቸዋለች፤ ይተዋሉ።

እንዲህ እንዲሆን ለትርጉሙ ተጠንቀቁ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አትተርጉሙ፤ ወላጅ ይሰለቻል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ መጀመሪያ ንገሯቸው፣ ከዚያ ዋና ዋናውን ብቻ። ትልቁ ትዕይንት ሲደርስ ግን አቁማችሁ ቃል በቃል ንገሯቸው። ካለቀ በኋላ "አያችሁ እንግዲህ!" አትበሉ። ዝም በሉ፤ እነሱ ይጀምሩት። ቡና እየተፈላ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ እስከ በረካ ማንም አይነሣም።

ከድራማው የማይወሰድ ነገርም አለ። እንቅልፍ ማጣት ጀግንነት አይደለም። ኮሪያ ውስጥ አራት ሰዓት የተኛ ያልፋል፣ አምስት ሰዓት የተኛ ይወድቃል የሚል የቆየ አባባል አለ። አትመኑት። እኔ የማስጠናቸው ልጆች ሌሊቱን ሲቸክሉ አድረው ሲመጡ ትናንት የሠራነውን ጥያቄ እንኳን መሥራት ያቅታቸዋል። የእኛ ፈተና ደግሞ ለብዙዎች ከቤት ርቆ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ አዲስ አልጋ ላይ እያደሩ የሚፈተኑት ነው። እንቅልፍ የለመደ ሰውነት ይዛችሁ ግቡ።

ስለ ትምህርት ቤት ጥቃት የሚያወሩትን፣ ለምሳሌ ሁ አር ዩ ስኩል 2015ን፣ ራሳችሁ ያ ነገር እየደረሰባችሁ ከሆነ ብቻችሁን ተሸፋፍናችሁ አትዩ። መጀመሪያ ለአንድ ትልቅ ሰው ተናገሩ፤ ለእናት፣ ለአስተማሪ፣ ለንስሐ አባት፣ ለምታምኑት ሰው። መኖር ያስጠላው ጓደኛ ካላችሁም ድራማ ጋብዛችሁት አትሂዱ፤ አብራችሁት ቁጭ በሉ፣ ለቤተሰቡም ንገሩ።

ፈተናው አልቆ ውጤት እስኪመጣ ያለው ጊዜ ከሁሉም ይረዝማል። ለዚያ ዌይትሊፍቲንግ ፌሪ ኪም ቦክ ጁን አስቀምጡት። 16 ክፍል ነው። ክብደት የምታነሣ የስፖርት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ዶሮ ጠብሶ የሚሸጥ አባት፣ ከልብ የሚዋደዱ ሦስት ጓደኛሞች። እሱን በቀን ሦስት ክፍል ብታዩም አልቆጣም።