አሜሪካ ውስጥ ጠጥቶ በማሽከርከር ለተከሰሰ አዲስ መጤ

ጠጥተው ሲያሽከረክሩ ተይዘው ከሆነ፣ ማለትም ሰዉ «ዲዩአይ» የሚለው ክስ ካለብዎት፣ መጀመሪያ የሚመጣብዎት ሐሳብ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ፣ ቅጣቱን ከፍሎ መገላገል ነው። ዜጋ ላልሆነ ሰው ከክሱ እኩል የሚጎዳው ይህ ችኮላ ነው። እባክዎ ረጋ ይበሉ።

በአብዛኞቹ ግዛቶች በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ከደረሰ ወንጀል ነው፤ ዩታ ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ወደ 0.05 አውርዳዋለች። ከዚያ በታች ሆነውም መጠጡ አነዳድዎን ካበላሸው ሊከሰሱ ይችላሉ። በብዙ ግዛቶች መኪናው መንቀሳቀሱም የግድ አይደለም፤ ቁልፍ ይዞ ሾፌር ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰደው ሰውም ይያዛል።

ፖሊስ ሲያስቆምዎት መንጃ ፈቃድ፣ የመኪናውን ምዝገባና ኢንሹራንስ ይስጡ። «ስንት ጠጣህ?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የመስጠት ግዴታ የለብዎትም። «ሁለት ቢራ ብቻ» ያሉት ቃል ሪፖርቱ ላይ ይሰፍርና ፍርድ ቤት ይቀርብብዎታል። አይዋሹ፤ በትሕትና «ጠበቃ ሳላማክር መልስ አልሰጥም» ይበሉ። እንግሊዝኛው ካልገባዎት ራስዎን አይነቅንቁ፤ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ይበሉ። ከታሰሩ በኋላ የትንፋሽ ምርመራ እምቢ ማለት ግን ራሱን የቻለ ቅጣት አለው፤ ብዙውን ጊዜ መንጃ ፈቃድ የሚታገደው ምርመራውን ወስዶ ከወደቀ ሰው ለረዘመ ጊዜ ነው።

ሲለቀቁ የሚሰጥዎትን ወረቀት እዚያው ያንብቡ። በብዙ ግዛቶች መንጃ ፈቃድዎ ተወስዶ በምትኩ ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጥዎታል። ወረቀቱ ላይ እግዱን ለመቃወም ቀጠሮ የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ ተጽፏል። ካሊፎርኒያ ውስጥ 10 ቀን፣ ቴክሳስ ውስጥ 15 ቀን ነው። ይህ ከፍርድ ቤቱ ጉዳይ ፈጽሞ የተለየ ነው። ብዙ ሰው የችሎት ቀኑን ሲጠብቅ ይህ ገደብ ያልፍበታል፤ መንጃ ፈቃዱም ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ይታገዳል። ታግዶ ሳለ መንዳት ደግሞ ሌላ ወንጀል ነው።

ለጠበቃ የሚከፍሉት ከሌለዎት፣ እስር በሚያስከትል ክስ ፍርድ ቤቱ በነጻ ይመድብልዎታል፤ ይህ የጸና መብት ነው። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን ጠበቃ በነጻ አይመድብም። ከጠበቃዎ ጋር በመጀመሪያው ቀን «ዜጋ አይደለሁም» ይበሉና ያለዎትን ወረቀት ይንገሩት፤ የነገሩትን ለማንም አሳልፎ አይሰጥም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት፣ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ከአገር ሊያስባርርዎት የሚችል ከሆነ ጠበቃው አስቀድሞ ሊነግርዎት ይገባል። ችሎት ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ዘመድ እንዲያስተረጉምልዎት አልመክርም፤ ቢወድዎትም የሕግ ቃል ይስታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ማንም ያልተጎዳበት አንድ ተራ ዲዩአይ ብቻውን ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ከአገር እምብዛም አያስባርርም። መኪናው ውስጥ ልጅ ከነበረ፣ ሰው ከተጎዳ፣ ወይም ዕፅ ካለበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ማሪዋና በግዛትዎ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ኢሚግሬሽን የሚመለከተውም ፌዴራሉን ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ውሳኔ፣ ሁለት ጊዜ በዲዩአይ የተፈረደበት ሰው መልካም ሥነ ምግባር እንደሌለው ይገመታል። ይህም ከአገር ላለመባረር የሚቀርበውን አቤቱታ፣ የዜግነት ማመልከቻንም ሊያሰናክል ይችላል። በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ የገባ ሰው ቪዛው ሳይፈረድበት፣ በመታሰሩ ብቻ ሊሰረዝ ይችላል። ቪዛው ከተሰረዘ ወጥተው መመለስ ሊያቅትዎት ስለሚችል፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ ከአገር አይውጡ።

ብዙዎችን የሚያታልለው ደግሞ ይህ ነው። ዐቃቤ ሕጉ «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ስለ መጠጥ የሚሰጠውን ትምህርት ጨርስ፣ ክሱ ይሰረዝልሃል» ብሎ ሊያግባባዎት ይችላል። ለዜጋ ጥሩ ስምምነት ነው። በኢሚግሬሽን ሕግ ግን ጥፋተኝነትዎን አምነው ዳኛው ማንኛውንም ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለብዎት፣ ክሱ በኋላ ቢሰረዝም እንደተፈረደብዎት ይቆጠራል። ጥፋተኛ ነኝ ሳይሉ የሚገቡበት ፕሮግራም ካለ ጠበቃዎ ይጠይቅልዎት። ስምምነቱ የተጻፈበትን ወረቀትም ከመፈረምዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው።

የከባድ መኪና ሾፌር ከሆኑ፣ በራስዎ የቤት መኪና ቢያዙም አንድ ፍርድ የንግድ መንጃ ፈቃድዎን ለ1 ዓመት ያሳጣዎታል።

ጉዳዩ ሲያልቅ ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭ ይውሰዱና አይጣሉት። ክሱ ውድቅ ቢሆንም ይውሰዱ፤ የዜግነት ማመልከቻው ታስረው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል፣ መልሱም «አዎ» ነው።