ከአንድ ዘንቢል የበሰለ ፍራፍሬ ምን ምን ይወጣል?

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ከሚነሳበት ብዙም ሳይርቅ። እዚህ ዳር ላይ ፍራፍሬ የሚደርሰን ተንከራትቶ ነው። ከሃይሌ ጋርመንት የአትክልት ገበያ ተጭኖ፣ በአይሱዙ ተንገጫግጮ፣ ጉሊት ላይ እስኪዘረጋ ድረስ የተወሰነው ይጎዳል። ማታ 12 ሰዓት ሲል ሁሌ የምገዛቸው እናት «ልጄ፣ ይሄን ውሰጂልኝ፣ ለነገ አይሆንም» ይሉኛል። ነጠብጣብ የበዛበት ሙዝ፣ የላላ ማንጎ፣ ቆዳው የጠቆረ አቮካዶ። በርካሽ ይዤ እገባለሁ።

ለልጆች ጣፋጭ መስሪያ ከዚህ የተሻለ ፍራፍሬ አላውቅም። ሙዝ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል። ስለዚህ ሌላ ስኳር አይፈልግም። የበሰለና የተበላሸ ግን አንድ አይደለም። ሻጋታ ያወጣ ወይም የጠላ ጠረን ያመጣ ፍሬ ይጣል። ለስላሳ ፍሬ ላይ ሻጋታውን ብቻ ቆርጦ ቀሪውን መብላት አይሆንም፤ ዓይን የማያየው ውስጥ ገብቷል።

ከቀላሉ እንጀምር።

በሶ የለበሰ ቀዝቃዛ ሙዝ

አራት የበሰለ ሙዝ ላጡና ለሁለት ለሁለት ቁረጡ። በተቆረጠው በኩል የአይስክሬም እንጨት ሰካ አድርጉ። እንጨት ከሌለ የሻይ ማንኪያ እጀታም ይሰራል። ሙዙን በስሱ ማር ቀቡት፣ ከዚያ ሳህን ላይ በተነጠፈ በሶ ላይ አንከባሉት። በሶ ከሌለ ተቆልቶ የተወቀጠ ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ ይሁን። እኔ ግን በሶውን ነው የምመርጠው። የተቆላ ገብስ ጣዕሙ ከሙዝ ጋር በጣም ይሄዳል፤ ፍሪዘር ውስጥ ሲቆይ ደግሞ ከማሩ ጋር ተያይዞ እንደ ቅርፊት ይሆናል።

ሳይነካኩ ትሪ ላይ ደርድሩና ፍሪዘር ውስጥ 4 ሰዓት ያህል አቆዩ። እኛ ሰፈር መብራት ይጠፋል። ሲጠፋ ፍሪዘሩን አለመክፈት ነው፤ ተዘግቶ ከቆየ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል።

ፍሪዘር ውስጥ የከረመውን ሙዝ ያለ በሶና ማር ክብ ክብ አድርጋችሁ ጁስ መፍጫ ውስጥ ብትፈጩት አይስክሬም ይወጣዋል። ወተት አያስፈልገውም። መጀመሪያ እንደ አሸዋ ይበታተናል፤ መፍጫውን እያቆማችሁ በማንኪያ ከጎን ከጎን አውርዱና ድጋሚ ፍጩት። በድንገት ይለሰልሳል።

ማንጎ እንደ ስስ እንጀራ

ይሄኛው ትዕግስት ይፈልጋል፣ ፀሐይም ይፈልጋል። ክረምት ላይ አትሞክሩት።

ሦስት ትልልቅ ማንጎ ላጡ፣ ሥጋውን ፍጩና ክሩ እንዲቀር በወንፊት አጥልሉ። የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት። ሎሚው ቀለሙ እንዳይጠቁር ያደርጋል፣ ጣዕሙንም ያነቃዋል። በዝቅተኛ እሳት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እያማሰላችሁ አብስሉት። መድረሱን የምታውቁት በማንኪያ ነው፦ ድስቱን መሃል ለመሃል ስትከፍሉት፣ ማንኪያው የሄደበት መንገድ ቶሎ ካልተከደነ በቂ ነው።

ዘይት በስሱ የተቀባ ትሪ ላይ አፍስሱና አስተካክላችሁ ዘርጉት። ውፍረቱ ስስ እንጀራ ያክል። ዳር ዳሩ ቀድሞ ስለሚደርቅ መሃሉን ትንሽ ሳሳ አድርጉት። ከላይ ሻሽ ወጥሩበት፤ ጨርቁ ማንጎውን እንዳይነካ በአራት ብርጭቆዎች ከፍ ማድረግ ይቻላል። የኛ ሰፈር ነፋስና አቧራ ስለሚበዛበት እኔ በረንዳ ላይ ከመስታወቱ ጀርባ ነው የማስቀምጠው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ ይምታው፣ ማታ ወደ ቤት ይግባ። በጋ ላይ ሁለት ቀን ያህል ይወስዳል።

በጣት ስትነኩት የማይጣበቅ፣ ጫፉን ስታነሱት እንደ ቆዳ ተላጦ የሚመጣ ከሆነ ደርሷል። በመቀስ እየቆረጣችሁ በወረቀት ጠቅልሉ፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፣ በአንድ ሳምንት ጨርሱት። አምና መሃሉ በደንብ ሳይደርቅ ጠቅልዬ ካስቀመጥኩት ላይ በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ነጠብጣብ አገኘሁ። ልጆቼ ስንት ጊዜ እያዩ የጠበቁት ነበርና ስጥለው አንጀቴ ተላወሰ። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ማታ መሃሉ እርጥብ ከሆነ አትታገሉት። ሰብስቡትና መልሳችሁ ድስት ውስጥ አንድ ጊዜ አፍሉት፤ ዳቦ ላይ የሚቀባ ማርማላታ ይሆናል።

ልጣጩም አይጣል

የሦስት ብርቱካን ልጣጭ በደንብ አጥባችሁ በቀጭኑ ቁረጡ። ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አፍሉና ውሃውን ድፉ። ይሄን ሦስት ጊዜ ድገሙ፤ ምሬቱ የሚወጣው እንዲህ ነው። ከዚያ በአንድ ኩባያ ስኳርና በአንድ ኩባያ ውሃ፣ ልጣጩ ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪመስል በዝቅተኛ እሳት ይብሰል። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ በቆላ አገር ወይም በውጭ አገር የምግብ አሰራር ላይ የተጻፈ ሰዓት እኛ ጋ ትንሽ ይረዝማል። አውጥታችሁ አሳድሩት፣ ስኳር ላይ አንከባሉት። የቀረውን ሽሮፕ ሻይ ውስጥ ጠብ አድርጉት።

መንደሪን ካላችሁ ልጣጩ ለሌላ ነገር ይሁን። መብራት በጠፋ ማታ ልጆች ፍርሃታቸውን የሚረሱበት የመንደሪን ኩራዝ።

መንደሪኑን መሃል ወገቡን ዙሪያውን በቢላ ጫፍ ሰንጥቁ፣ ልጣጩን ብቻ። አውራ ጣታችሁን በሥሩ እያስገባችሁ ቀስ ብላችሁ አላቁት። ሁለት ትናንሽ ጎድጓዳ ሳህኖች ታገኛላችሁ። አንዳንዴ የታችኛው ሳህን መሃል ላይ ነጩ ክር ቆሞ ይቀራል፤ ከቀረ እሱ ራሱ እንደ ክር ይነዳል። ብዙ ጊዜ ግን ይበጠሳል። ያኔ ጥጥ ውሰዱና በጣት እየፈተላችሁ የጣት ግማሽ የሚያህል ፈትል ስሩ። እግሩን ሰፋ አድርጋችሁ ሳህኑ መሃል ላይ አቁሙት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሩ፣ ፈትሉን እስከ ጫፉ በዘይቱ አርሱትና ለኩሱ። መጀመሪያ ይንጣጣል፣ ከዚያ ይረጋጋል። ልጣጩ ሲሞቅ ቤቱን የመንደሪን ሽታ ያውደዋል።

ሁልጊዜ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ይቀመጥ፤ ከመጋረጃ ይራቅ፤ ትልቅ ሰው በሌለበት አይለኮስ። ነጭ ጋዝም ሆነ አልኮል በፍጹም እንዳትጨምሩበት፤ የምግብ ዘይት ብቻ።

ከአቮካዶ ዘር የሚወጣ ሮዝ ቀለም

የአቮካዶ ዘር ጨርቅ ያቀልማል ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። አረንጓዴ ነው የጠበቅኩት። የወጣው ግን ሮዝ ነው፤ አንዳንዴ ወደ ጡብ ቀለም የሚሄድ። ዘሩና ልጣጩ ውስጥ ሻይ ላይ አፍ የሚያደርቀው ታኒን የሚባለው ነገር ስላለ፣ ቀለሙ ሌላ ማያያዣ ሳይጨመርበት ጥጥ ላይ ይይዛል።

ከ6 እስከ 8 ዘር ከነልጣጫቸው ያስፈልጋል። በአንድ ቀን ካልሞላ እያጠባችሁ ፍሪዘር ውስጥ አጠራቅሙ። አረንጓዴው ሥጋ እንዳይኖርበት በደንብ ፈትጉት፤ ከቀረ ቀለሙን ያደፈርሰዋል። ጨርቁ አቡጀዲ ይሁን፣ ግማሽ ሜትር ያህል። አዲስ አቡጀዲ ላይ ፋብሪካው የቀባው ማጠንከሪያ ስላለ ቀለም አያስገባም። በፈላ ውሃና በሳሙና እጠቡትና ሳይደርቅ አቆዩት።

አሁን የልጆቹ ተራ ነው። ጥሬ ሽምብራ ስጧቸው። ጨርቁ ላይ አንድ አንድ ሽምብራ እያስቀመጡ፣ በብር ማሰሪያ ላስቲክ ከሥሩ ጥብቅ አድርገው ይቋጥሩት። ቋጠሮው ያለበት ቦታ ቀለም ስለማይገባው፣ ሲፈታ ነጭ ክብ ክብ ሆኖ ይወጣል። የኔ ትንሿ ልጅ 30 ቋጠሮ ስትቋጥር አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ለምግብ በማትፈልጉት ድስት 2 ሊትር ውሃ ውስጥ ዘሩንና ልጣጩን ጨምሩ። እሳቱ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ከተንተከተከ ወደ ቡኒ ይሄዳል። በአንድ ሰዓት ገደማ ውሃው ቀይ ሻይ ይመስላል። አጥልሉት፣ ጨርቁን ከቱበት፣ ለአንድ ሰዓት በዝቅተኛ እሳት አቆዩና አውርዳችሁ እዚያው አሳድሩት። ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ብትነሰንሱበት ቀዩ ይጎላል። የዛገ ሚስማር ብታስገቡ ደግሞ ወደ ግራጫ ይቀየራል። ብረት ከታኒን ጋር ሲገናኝ ያጠቁራል።

ጠዋት ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፣ ቋጠሮውን ግን ልጆቹ ይፍቱት። የኛን የዳቦ መሸፈኛ አድርገነዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እጥበቶች ለብቻው እጠቡት፣ ጠንካራ ሳሙና አታሳዩት፣ ሲሰጣም ጥላ ላይ ይሁን።