ዘመዳችሁ አዳማ ላይ በአደንዛዥ ዕፅ ሲያዝ፦ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ወንድም፣ እህት ወይም የአክስት ልጅ አዳማ ላይ በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር ተጠርጥሮ ለተያዘባችሁ በውጭ አገር ለምትኖሩ ሰዎች ነው። የአዳማ ልጅ ስለሆንኩና የፍርድ ቤቱን ደጅ ስለማውቀው ተመሳሳይ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። «ስንት ልላክ?» የሚለው ሁልጊዜ ይቀድማል። መቅደም ያለበት ግን «ገንዘቡን የሚጠይቀኝ ማን ነው? ከነገሩስ ጋር ምን ግንኙነት አለው?» የሚለው ነው።

ክሱ ከባድ መሆኑን አትጠራጠሩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያለ ፈቃድ አደንዛዥ ዕፅ ያመረተን፣ ያጓጓዘን፣ ያከማቸን፣ የደለለን ወይም ያከፋፈለን ሰው ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ስለዚህ «ዕቃው የእርሱ አይደለም፣ ተሸክሞ ብቻ ነው» ማለት መከላከያ አይሆንም፤ መሸከሙ ራሱ ወንጀል ነውና። የሚያከራክረው በተሸከመው ዕቃ ውስጥ ያለውን ማወቅ አለማወቁ፣ ፍተሻው እንዴትና በእነማን ፊት እንደተደረገ፣ የተያዘው ነገር ተመርምሮ ምን እንደሆነ መረጋገጡ ነው። ጫት በአገራችን በግልጽ የሚሸጥ ስለሆነ ሁሉም ነገር እንደዚያው የሚታለፍ የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ፤ ካናቢስ ግን ጫት አይደለም። እናንተም ብትሆኑ ከዚህ ለሚመጣ እንግዳ «ትንሽ ጫት ያዝልኝ» አትበሉ፤ ብሪታኒያ ከ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የከለከለችው ሲሆን አሜሪካ የሚገባ መንገደኛም በጫት ሊታሰር ይችላል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፣ ያለመናገር መብት አለው፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከዚያ ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ሰውየውን ይዞ ምርመራውን ለመቀጠል ተጨማሪ ቀናት፣ ይጠይቃል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፣ ሊደጋገም ግን ይችላል። ምርመራው አልቆ መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሲደርስ ክስ የሚመሠረትበት ጊዜ 15 ቀን ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ለፖሊስ የሚሰጠው ቃል ነው። ጠበቃ ሳያማክር የሰጠው ቃል እስከ ፍርዱ ቀን ይከተለዋልና፣ መጀመሪያ የሚገባለት ሰው ስንቅ ብቻ ሳይሆን ይህንንም መልእክት ይዞለት ይግባ።

ሌላው የቋንቋና የሥልጣን ጉዳይ ነው። የአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር በፌዴራል ሥልጣን ሥር የሚወድቅ ወንጀል ሲሆን የክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ያዩታል። አንዳንዱ መዝገብ እዚያው አዳማ ይታያል፣ አንዳንዱ አዲስ አበባ ይሄዳል። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ተከሳሹ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው፤ ጠበቃው ግን በአስተርጓሚ የሚሠራ መሆን የለበትም። አዲስ አበባ ውስጥ ስመ ጥር የሆነ ጠበቃ አዳማ ችሎት ላይ ማመልከቻውን በሌላ ሰው የሚያስጽፍ ከሆነ ለስሙ ነው የምትከፍሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ስለ ዘመድ።

የማውቀው ቤተሰብ ነው። ልጁ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። የጅቡቲው መንገድ በአዳማ ስለሚያልፍ እንዲህ ያለ ሥራ ለከተማችን ወጣት ቅርብ ነው። በጆንያዎች መካከል ካናቢስ ተገኘና ታሰረ። ውጭ አገር ላለችው እህቱ የደወለላት ልጁን ሥራ ያስገባው የአጎታቸው ልጅ ነበር። «እህቴ፣ አንቺ አታልቅሺ፣ እኔ አለሁ። ጠበቃም ይዣለሁ፣ ዳኛውን የሚያውቅ ሰውም አግኝቻለሁ፤ አንቺ ብቻ ቶሎ ላኪ» አላት። ላከች። ደግሞ ጠየቃት፣ ደግማ ላከች። እናትየው ራሳቸው «እርሱ ባይኖር ኖሮ ምን እንሆን ነበር» እያሉ ይመርቁት ነበር።

ማንም ያልጠየቀው ነገር ይህ ነበር፦ ጠበቃውን ማን መረጠው? የአጎቱ ልጅ ከመኪናው ባለቤት ጋር ይሠራል። ያው ጠበቃ የባለቤቱም ጠበቃ ነበር። ለልጁ የተሰጠው ምክር «የእኔ ነው በል፣ ወጣት ስለሆንክ ቅጣቱ ይቀልልሃል፣ ሌላ ሰው አታንሣ» የሚል ነበር። የእህትየው ገንዘብ ወንድሟን ለማስፈታት ሳይሆን ሌላውን ሰው ከመዝገቡ ለማራቅ ይውል ነበር ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጥቅማቸው የሚጋጭ ሁለት ሰዎችን በአንድ ጉዳይ መወከልን ይከለክላል፤ ነገር ግን የሚከታተል ሰው ከሌለ ደንቡ ብቻውን ማንንም አያድንም።

ነገሩ የታወቀው በአንዲት ጎረቤት ነው። ዘመድ አይደሉም፤ ፖስታ ቤት አካባቢ አነስተኛ ሱቅ ያላቸው፣ ልጁን ከሕፃንነቱ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ችሎት ገብተው ተቀመጡ። የወንጀል ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ገብቶ ለመቀመጥ ዝምድና አያስፈልግም። የአጎት ልጅ «ዳኛው ሊፈታው ነው» ባለበት ቀን እርሳቸው የሰሙት ጠበቃው አለመቅረቡንና ቀጠሮ መለወጡን ነበር። ደወሉና የሰሙትን ብቻ ተናገሩ። እህትየው ከዚያ በኋላ ሌላ ጠበቃ ያዘች፤ አዲሱ ጠበቃ ልጁን ብቻውን አነጋግሮ መጀመሪያ የጠየቀው «ጆንያዎቹን ማን ጫናቸው?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሦስቱን ሥራ ለአንድ ሰው አትስጡ። ስንቅ የሚያመላልሰው፣ ችሎት የሚቀመጠውና ገንዘብ የሚይዘው የተለያዩ ይሁኑ፤ ገንዘብ የሚይዝ ሰው ጨርሶ ባይኖርና በቀጥታ ወደ ጠበቃው የባንክ ሒሳብ ቢሄድ ደግሞ ይበልጣል። ልጁን ሥራ ያስገባው፣ አብሮት የተጓዘው፣ ዕቃውን ያስረከበው ሰው ምንም ያህል ቢያለቅስ ጠበቃ አይምረጥ። ክፉ ነው ብላችሁ እንድትፈርዱበት አይደለም፤ ነገ እርሱ ራሱ ምስክር ወይም ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። ወላጆችን በዚህ መካከል አታስጨንቁ። እናት ልጇን ያስፈታልኛል ያለችውን ሁሉ ታምናለች፣ ቤቷንም ታስይዛለች።

«ዳኛውን የሚያውቅ» ስለሚባለው ጉዳይ ገዳይም ልናገር። አሠራሩን ካወቃችሁት አትታለሉም። ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ከመዝገብ ቤት ወይም ከደጅ ያጣራል። ከቀጠሮው በፊት ገንዘብ ይጠይቃል። ፍርድ ቤቱ በሕጉ መሠረት ዋስትና ከፈቀደ «እኔ ነኝ ያስፈቀድኩት» ይላል። ካልፈቀደ «ገንዘቡ አነሰ» ይላል። በሁለቱም በኩል የሚከፍለው አንድ ሰው ነው፤ እናንተ ናችሁ። ገንዘቡ በእርግጥ ለዳኛ ከደረሰ ደግሞ ጉቦ የሰጠም ያቀባበለም በሙስና ወንጀል ይጠየቃል፤ በአንድ መዝገብ የጀመረ ቤተሰብ በሁለት መዝገብ ይገባል።

ጠበቃ ስትይዙ ፈቃዱን ጠይቁ፤ በየትኛው ፍርድ ቤት ለመቆም እንደሚያስችለውና ለዘንድሮ የታደሰ መሆኑን እዩ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያው ለምርመራው ጊዜ ብቻ ይሁን ወይስ እስከ ይግባኝ ድረስ፣ በግልጽ ይጻፍ። የመዝገብ ቁጥሩንና የክሱን ግልባጭ በፎቶ ይላክላችሁ። «በነጻ አስወጣዋለሁ» ብሎ የሚምል ጠበቃ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ደኅና ጠበቃ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ከተሰማ በኋላ «ይከላከል» የሚል ብይን፣ ማለትም ተከሳሹ የራሱን መከላከያ ያቅርብ የሚል ትእዛዝ፣ ሊመጣ እንደሚችልና ያኔ የትኞቹን ምስክሮች እንደሚያቀርብ ይነግራችኋል። አቅም ከሌላችሁም አትፈሩ፤ ጠበቃ ማቆም ላልቻለና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ይደነግጋል። ከእነዚህ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች መካከል በገንዘብ ከተገዙት በላይ የሚተጉ አይቻለሁ።

ውክልናን በሚመለከት፦ ለወንጀል ክሱ የእናንተ ውክልና አያስፈልግም፤ ጠበቃውን የሚመርጠው ተከሳሹ ራሱ ነው። «እርሱን ለማስፈታት ጠቅላላ ውክልና ላኩ» የሚል ሰው ሌላ ነገር ፈልጓል። የዋስትና ገንዘብ ከሒሳባችሁ እንዲወጣ ወይም ለሌላ ጉዳይ ውክልና የግድ ካስፈለገ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ስትሰጡ ለዚያ ጉዳይ ብቻ የተወሰነ ይሁን፤ በተለመደው ቅጽ ላይ ያለውን «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚለውን ሐረግ አስወጡ። ሰነዱ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል።

የመጨረሻው የዋስትናው ገንዘብ ነው። ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ ግዴታውን አይፈጽምም፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ወይም ምስክር ያባብላል ብሎ ካመነ ዋስትና ሊነፍግ ይችላል። ከፈቀደ ገንዘቡ በደረሰኝ ይያዛል፣ ተከሳሹ ቀጠሮውን አክብሮ ጉዳዩ ሲያልቅም ይመለሳል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ ያስያዘው ዘመድም አያስታውሰውም። ደረሰኙ በማን ስም እንደተቆረጠ በዚያው ቀን ጠይቁ፣ ፎቶውን አስቀምጡ። መዝገቡ ሲዘጋ ገንዘቡ እንዲመለስ ጠበቃው ማመልከቻ ያስገባ፤ የሰጣችሁት ውክልና ካለም በዚያው ሳምንት ሻሩት፣ መሻሩንም ለተወካዩና ለባንኩ በጽሑፍ አሳውቁ።